አቼቶ፣ ወተት፣ የባትሪ አሲድ፦ የአሲድ መጠን ለመለካት የቱ መንገድ ይሻላል?

ሁለት ብርጭቆ አስቡ። በአንዱ ጠርሙሱ ላይ 5% ተብሎ የተጻፈበት አቼቶ አለ። በሌላው በሊትር 0.0038 ሞል ብቻ የያዘ፣ በጣም የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። ፒኤች ሜትር ቢነከርባቸው ሁለቱም 2.4 ገደማ ያሳያሉ። አቼቶው ግን በሊትር 0.83 ሞል አሲድ ይዟል፤ ልዩነቱ ከሁለት መቶ እጥፍ ይበልጣል። ፒኤች የሚናገረው በዚያች ሰዓት ከአሲዱ ተላቆ ውሃው ውስጥ ስላለው ሃይድሮጅን አዮን ብቻ ነው። ቲትሬሽን፣ ማለትም አሲዱ እስኪያልቅ ድረስ መጠኑ የታወቀ ቤዝ (አሲድን የሚያመክን ብጥብጥ) እያንጠባጠቡ መለካት፣ የተላቀቀውንም ያልተላቀቀውንም አንድ በአንድ አስወጥቶ ይቆጥራል። ስለዚህ «ፒኤች ሜትር ገዝተናል፣ ቲትሬሽን ምን ያደርግልናል?» ለሚል መልሱ እነዚህ ሁለት ብርጭቆዎች ናቸው።

ይህ መመሪያ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ላሉ ትንንሽ ላቦራቶሪዎች የተዘጋጀ ነው። የትምህርት ቤት ላብ፣ ወተት የሚሰበስብ ማኅበር፣ ጠጅ ጥሎ የሚሸጥ ቤት፣ የባጃጅ ባትሪ የሚጠግን ጋራዥ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው «የትኛውን አመልካች (አሲዱ ማለቁን በቀለም ለውጥ የሚናገረውን ጠብታ) ልጠቀም?» በሚለው ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ግን በስሕተት ከተመረጠ አመልካች ይልቅ ውጤት የሚያበላሸው ጠርሙሱ ላይ «0.1 ሞላር» (በሊትር 0.1 ሞል) ተብሎ የተጻፈው ቤዝ፣ ኮስቲክ ሶዳው ነው። የተጻፈውን ያህል ሆኖ የሚገኘው በዕድል ነው።

ቲትሬሽን የማያስፈልግበት ጊዜ

የመኪናም ሆነ የባጃጅ ባትሪ ሞልቶ እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ከሆነ ቲትሬሽን ድካም ነው። ተንሳፋፊው ሃይድሮሜትር የአሲዱን ጥግግት በአንድ ደቂቃ ይነግራችኋል፤ 1.28 አካባቢ ካሳየ ሞልቷል፣ 1.12 አካባቢ ከወረደ ባዶ ነው። ሙቀት ግን ያታልላል። በየ10 ዲግሪው ንባቡ በ0.007 ገደማ ስለሚወርድ፣ በሚያዝያ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ ባትሪ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። ቲትሬሽን የሚያስፈልገው አሲዱን ራሳችሁ ስትበጠብጡ ወይም የገዛችሁት በርሜል እውነተኛ መሆኑን ስትጠራጠሩ ነው።

ወተት በር ላይ ሲቀበሉም እንዲሁ ነው። ማለዳ ከዘንዘልማ ወይም ከአንዳሳ በኩል ሃያ ሰው ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ እያንዳንዱን ቲትሬት ማድረግ አይቻልም። 2 ሚሊ ሊትር ወተት ከ2 ሚሊ ሊትር 68% አልኮል ጋር ቀላቅሎ መነቅነቅ ይበቃል። ከቋጠረ ይመለሳል። ቲትሬሽኑ የሚመጣው ለሚያጠራጥረው ወተትና ለመዝገብ ነው።

ለአቼቶ፣ ለሎሚ ጭማቂ፣ ለጠጅና ለጠላ ግን አቋራጭ የለም።

አመልካች፦ ሦስት አማራጭ

ምርጫው የአሲዱን ጠባይ ይከተላል። ኮስቲክ ሶዳው አሲዱን ልክ በጨረሰበት ነጥብ ላይ የብጥብጡ ፒኤች ስንት እንደሚሆን ካወቃችሁ፣ በዚያ አካባቢ ቀለም የሚለውጠውን መውሰድ ነው።

ፌኖልፍታሊን ከ8.2 እስከ 10.0 ባለው ውስጥ ቀለም ከሌለው ወደ ሮዝ ይዞራል። ሜቲል ኦሬንጅ ከ3.1 እስከ 4.4 ከቀይ ወደ ቢጫ፤ ብሮሞታይሞል ብሉ ከ6.0 እስከ 7.6 ከቢጫ ወደ ሰማያዊ ይለወጣሉ።

ለጠንካራ አሲድ፣ ማለትም ለሃይድሮክሎሪክና ለሰልፈሪክ፣ ሦስቱም ይሠራሉ። 25 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ0.1 ሞላር ኮስቲክ ሶዳ ሲለካ፣ ከማብቂያው ነጥብ ግማሽ ጠብታ በፊት ፒኤቹ 4.3 ነው፤ ግማሽ ጠብታ ካለፈ በኋላ 9.7። በአንድ ጠብታ ከአምስት ፒኤች በላይ ስለሚዘል ሦስቱም አመልካቾች በዚያችው ጠብታ ላይ ይለወጣሉ።

ለአቼቶ ግን ሜቲል ኦሬንጅ አደጋ ነው። የአሴቲክ አሲድ (አቼቶውን የሚያኮመጥጠው) ፒኬኤ፣ ማለትም አሲዱ በግማሽ የሚላቀቅበት ፒኤች፣ 4.76 ነው። ሜቲል ኦሬንጁ ሙሉ ቢጫ የሚሆነው 4.4 ላይ ነው፤ በዚያ ጊዜ ከአሲዱ የተነካው 30% ብቻ ነው። 5% የሆነው አቼቶ 1.5% ሆኖ ይመዘገባል ማለት ነው። በዚያ ላይ ቀለሙ ቁርጥ ብሎ አይለወጥም፤ ከቀይ ወደ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ወደ ቢጫ እየተጎተተ አምስት ስድስት ሚሊ ሊትር ይበላል። ቀለም እንዲህ ከተጎተተባችሁ ያ ራሱ አመልካቹ የተሳሳተ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ ትክክለኛ አመልካች በአንድ ወይም በሁለት ጠብታ ይወስናል።

ለአቼቶ፣ ለሎሚ፣ ለወተትና ለጠጅ ፌኖልፍታሊን ውሰዱ። የአቼቶው ማብቂያ ፒኤች 8.7 አካባቢ ስለሆነ ልክ መሐሉ ላይ ይወድቃል። ብሮሞታይሞል ብሉም ለአቼቶ መጥፎ አይደለም፣ ሙሉ ሰማያዊ እስኪሆን ከጠበቃችሁ። አረንጓዴው ላይ ካቆማችሁ 1% ገደማ ይጎድላችኋል። ቀይና አረንጓዴ ለመለየት የሚቸገር ሰው ላብ ውስጥ ካለ፣ ቀይና ቢጫ የሚለዋወጠው ሜቲል ኦሬንጅ ያስቸግረዋል፤ ቢጫና ሰማያዊው ይሻለዋል።

ከከርከዴ ወይም ከቀይ ጥቅል ጎመን የሚጨመቀው አመልካች ለተማሪ ማሳያ ደስ ይላል። ለመለኪያ አይሆንም፤ ቀለሙ በሰፊ የፒኤች ክልል ቀስ እያለ የሚንሸራተት እንጂ የሚቆርጥ አይደለም።

ቤዙ፦ እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ

ኮስቲክ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ከአየር እርጥበት እየሳበ ይወዛል። በሐምሌና በነሐሴ የባሕር ዳር አየር ውስጥ ክዳኑ የተከፈተ እንክብል ሚዛን ላይ እያለ ሲያብረቀርቅ ታያላችሁ። ያ ብርሃን ውሃ ነው። ከአየሩም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ በከፊል ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይለወጣል። ለዚህ ነው 4.00 ግራም መዝኖ በአንድ ሊትር ያሟሟ ሰው 0.100 ሞላር አለኝ ማለት የማይችለው። ለሳሙና ሥራ የሚሸጠው ፍሌክ ደግሞ ከመጀመሪያውም ንጹሕ አይደለም። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ለቲትሬሽን መግዛቱ ክፋት የለውም፤ ግን እውነተኛ መጠኑ ሌላ ነገር ተለክቶበት መታወቅ አለበት።

ያ «ሌላ ነገር» ምን ይሁን? ሦስት አማራጭ አለ።

የመጀመሪያው ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት ነው፤ ላብ ውስጥ ኬኤችፒ ይሉታል። እርጥበት አይስብም፣ ሞላር ክብደቱ ትልቅ (204.22) ስለሆነ የሚዛን ስሕተት ያንሳል፣ አንዱ ሞለኪውል ከአንድ ኮስቲክ ሶዳ ጋር ብቻ ይሠራል። በ110 ዲግሪ ሁለት ሰዓት አድርቆ፣ እርጥበት በማይገባበት ዕቃ አቀዝቅዞ መመዘን ነው። አራት ቤት የሚያነብ ሚዛን ካላችሁ 0.4 ግራም አካባቢ በቀጥታ ፍላስክ ውስጥ መዝኑ። ያላችሁ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ከሆነ ግን 0.40 ግራም መመዘን 2.5% ስሕተት ይዞ ይመጣል። እንዲህ አድርጉ፦ 4.08 ግራም መዝናችሁ በ200 ሚሊ ሊትር አሟሙት፣ ከዚያ 20 ወይም 25 ሚሊ ሊትር በፒፔት (ልኩን በሚስብ የመስታወት ቱቦ) ውሰዱ። ያው ሚዛን፣ ያው ስሕተት፣ ግን አሁን 0.25% ብቻ።

ሁለተኛው ኦክሳሊክ አሲድ ከሁለት ውሃው ጋር ነው (126.07)። ከኬኤችፒ ይልቅ በርካሽ ይገኛል። 3.15 ግራም በ500 ሚሊ ሊትር ስታሟሙት 0.050 ሞላር ይሆናል፤ አንዱ ሞለኪውል ሁለት ኮስቲክ ሶዳ ስለሚወስድ ከ0.1 ሞላር ኮስቲክ ሶዳ ጋር እኩል በእኩል ይሄዳል። መርዝ ነው፤ በአፍ አይሳብም። ኦቨን ውስጥም አይግባ፤ በሙቀት የክሪስታሉን ውሃ ስለሚለቅ 126.07 የሚለው ቁጥር ውሸት ይሆናል። ኬኤችፒን ያደረቀ እጅ ይህንንም ሊያደርቅ ይሞክራል፤ ተጠንቀቁ።

ሦስተኛው ከጓዳ የሚወጣ ነው፣ ቤኪንግ ሶዳ። (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ እሱ ስታርችና ደረቅ አሲድ የተቀላቀለበት ነው።) በንጹሕ ብረት ድስት ወይም ኦቨን ውስጥ ከ250 እስከ 270 ዲግሪ አንድ ሰዓት ሲቆይ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቅቆ ንጹሕ ሶዲየም ካርቦኔት ይሆናል። ማረጋገጫው ሚዛኑ ራሱ ነው፦ 10.00 ግራም የነበረው 6.31 ግራም ላይ መቆም አለበት። 6.5 ካሳየ አልጨረሰም፣ መልሱት። ይህ ግን ኮስቲክ ሶዳውን ሳይሆን በቀጥታ አሲዱን ለመለካት የሚያገለግል ነው፤ ለጠንካራ አሲድ ብቻ፣ ያውም ከሜቲል ኦሬንጅ ጋር። አቼቶን በካርቦኔት መለካት አይቻልም፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ አሲድ ሆኖ ማብቂያውን ያደበዝዘዋል።

ኮስቲክ ሶዳውን ስታዘጋጁ ካርቦኔቱን የማስወገጃ አሮጌና ጥሩ መንገድ አለ። 50 ግራም በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ቀስ በቀስ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ የፕላስቲክ ዕቃ አሟሙ። ይፈላል ማለት ይቻላል፤ መነጽርና ጓንት ግድ ነው። በእንዲህ ያለ ወፍራም ብጥብጥ ውስጥ ካርቦኔት ስለማይሟሟ በጥቂት ቀን ታች ይዘቅጣል። ከላይ ካለው ጥሩ 5.3 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ አንድ ሊትር ስትሞሉ 0.1 ሞላር አካባቢ ትደርሳላችሁ። «አካባቢ» ያልነው ሆን ብለን ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ከኬኤችፒ ይመጣል። 0.4012 ግራም ኬኤችፒ 20.30 ሚሊ ሊትር ከወሰደ፣ 0.4012 ለ204.22 ተካፍሎ፣ ለ0.02030 ሊትር ተካፍሎ 0.0968 ሞላር ነው። ጠርሙሱ ላይ ይህንን ቁጥርና ቀኑን ጻፉ። በየሁለት ሳምንቱ ደግማችሁ ለኩ፤ ክረምት ላይ በየሳምንቱ።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይዘላል። ኮስቲክ ሶዳው ውስጥ የተደበቀው ካርቦኔት በፌኖልፍታሊን ሲለካ በግማሹ ብቻ ይቆጠራል፣ በሜቲል ኦሬንጅ ሙሉ በሙሉ። ስለዚህ ቤዙን መጀመሪያ የለካችሁበት አመልካችና ናሙናውን የምትለኩበት አመልካች አንድ ይሁን።

ውሃው

የጣና ውሃም የቧንቧ ውሃም ባይካርቦኔት አላቸው። አንድ ምሳሌ እናስላ፤ ውሃችሁ በሊትር 1.5 ሚሊሞል ባይካርቦኔት ቢኖረውና ናሙናውን በ50 ሚሊ ሊትሩ ብታቀጥኑት፣ አሲዱ ከቤዙ በፊት ከውሃው ጋር ይሠራል። በሜቲል ኦሬንጅ ከሆነ 0.75 ሚሊ ሊትር ይጎድላል፣ ሁልጊዜ ያው። በፌኖልፍታሊን ግን ይባስ የሚያናድደው፣ ስሕተቱ በእጃችሁ አነቃነቅ የሚወሰን መሆኑ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውስጥ ከቀረ መልሶ ስለሚቆጠር ምንም አይጎድልም፤ በኃይል ከነቀነቃችሁት ያመልጥና ይጎድላል። ሁለት ሰው በአንድ ናሙና ላይ የተለያየ ቁጥር አምጥቶ የሚከራከረው አንዳንዴ በዚህ ነው።

የተጣራ ውሃ ከሌለ ጋራዥ ውስጥ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ይሆናል፤ ግን በስሕተት አሲድ የተቀዳበት እንዳይሆን ፈትሹት። 50 ሚሊ ሊትሩ ላይ ሁለት ጠብታ ፌኖልፍታሊን፣ ከዚያ አንድ ጠብታ 0.1 ሞላር ኮስቲክ ሶዳ ጨምሩ። ሮዝ ሆኖ ግማሽ ደቂቃ ከቆየ ይሠራል። ሁለትና ሦስት ጠብታ ከጠየቀ ያንን መጠን ከእያንዳንዱ ውጤት መቀነስ ወይም ውሃውን መለወጥ ነው። ክረምት ላይ ከሰማይ በቀጥታ በንጹሕ ባልዲ የተቀበለ ዝናብም ከቧንቧው ይሻላል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደው ግን አቧራና ዚንክ ይዞ ይመጣል። የትኛውም ይሁን ውሃውን አፍልታችሁ ከድናችሁ አቀዝቅዙት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስወጣት በቂ ነው፣ አሥር ደቂቃ ይፍላ።

ቢውሬት፣ ስሪንጅ ወይስ ሚዛን?

50 ሚሊ ሊትር ቢውሬት (ከታች መክፈቻ ያለው ረጅም የመስታወት ቱቦ) 0.1 ሚሊ ሊትር መስመር አለው፣ በመስመሮቹ መሐል 0.05 ወይም ትንሽ ባነሰ ይነበባል። ለ20 ሚሊ ሊትር ንባብ ጥሩ ነው። ለወተት ግን፣ ሁሉ ነገር 1.6 ሚሊ ሊትር ላይ በሚያልቅበት፣ የአንድ ጠብታ ስሕተት 3% ስለሚሆን 10 ሚሊ ሊትር ቢውሬት ይሻላል። መክፈቻው ቴፍሎን ይሁን። የመስታወት መክፈቻ ኮስቲክ ሶዳ ተትቶበት ካደረ ይጣበቃል፤ በጉልበት ስትፈቱት ይሰበራል።

ስሪንጅ ርካሽ ነው፣ ፋርማሲ ሁሉ አለ። 10 ሚሊ ሊትሩ በየ0.2 ሚሊ ሊትር ስለተሰመረ ለልምምድ ካልሆነ አይጠቅምም። 1 ሚሊ ሊትሩ በየ0.01 ስለሆነ ለወተት ከትልቅ ቢውሬት ሊሻል ይችላል፤ ሁለት ጊዜ መሙላት ያስፈልጋል እንጂ።

ብዙ ሰው የማያስበው ሦስተኛው መንገድ ለእኛ ሁኔታ ምናልባት ከሁሉም የተሻለ ነው። ኮስቲክ ሶዳውን አፈ ቀጭን ጠብታ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉና ጠርሙሱን መዝኑ፣ አንጠባጥቡ፣ እንደገና መዝኑ። 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን በ20 ግራም ላይ የሚያመጣው ስሕተት 0.1% ገደማ ነው፤ ከርካሽ ቢውሬት ያነሰ። ኬኤችፒውንም በዚሁ መንገድ ከለካችሁት፣ የቤዙን መጠን «ሞል በኪሎ ግራም» ብላችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ፤ ሙቀትም፣ የቢውሬት ጉድለትም ጉዳይ አይሆንም። በሚያዝያ ክፍሉ 28 ዲግሪ ሲሆን፣ በ20 ዲግሪ የተሰመረ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 0.2% ገደማ ይለጠጣል። ሁሉንም በአንድ ሙቀት ከሠራችሁ በአብዛኛው ይጣፋል፤ ኬኤችፒውን ማለዳ፣ ናሙናውን እኩለ ቀን ከሆነ ግን አይጣፋም።

ቢውሬት የምትጠቀሙ ከሆነ ሦስት ዕቃ ሦስት ዓይነት አለቃለቅ አለው፦ ቢውሬቱ በኮስቲክ ሶዳው፣ ፒፔቱ በናሙናው፣ ፍላስኩ በተጣራ ውሃ ብቻ። ፍላስኩን በናሙና ያለቀለቀ ሰው ያልቆጠረውን አሲድ ጨመረ። ከመክፈቻው በታች ያለው አየር መውጣቱን እዩ፤ መሐል ላይ ሲወጣ እስከ ግማሽ ሚሊ ሊትር ይዋሻል። ከላይ ያስቀመጣችሁትን ፈንል አንሱት፤ ከዳሩ የተንጠለጠለ ጠብታ ዘግይቶ ይወርዳል። ንባቡ የሚወሰደው ከውሃው ጎድጓዳ መስመር ታች፣ ዓይን በትክክል ትይዩ ሆኖ ነው።

አንድ አቼቶ፣ ከጠርሙስ እስከ ቁጥር

10 ሚሊ ሊትር አቼቶ በፒፔት ውሰዱ፣ 100 ሚሊ ሊትር ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ ውስጥ እስከ መስመሩ ሙሉት፣ ገልብጣችሁ አሥር ጊዜ አቀላቅሉት። ከዚህ 25 ሚሊ ሊትር ወደ ሾጣጣው ፍላስክ፣ ሁለት ጠብታ 1% ፌኖልፍታሊን፣ ከሥር ነጭ ወረቀት። የመጀመሪያውን በፍጥነት አንጠባጥቡና ቦታውን እወቁ፤ ቁጥሩ አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ ከሁለት ሚሊ ሊትር ቀድማችሁ አዝግሙ። ሮዙ የወደቀበት ቦታ ብቅ ብሎ መጥፋት ሲዘገይ ጠብታ በጠብታ፣ መጨረሻ ላይ ግማሽ ጠብታ ከአፉ በተጣራ ውሃ እያጠባችሁ። ፈዘዝ ያለ ሮዝ 30 ሰከንድ ከቆየ በቃ። ከደቂቃ በኋላ መጥፋቱ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሌላ ጠብታ አትጨምሩ። ደማቅ ሮዝ ካያችሁ አልፋችኋል።

ንባቦቹ 20.65፣ 20.60፣ 20.60 ሆኑ እንበል፤ አማካዩ 20.62። 20.62 በ0.0968 ሲባዛ 1.996 ሚሊሞል ነው። ለ25 ተካፍሎ 0.0798 ሞላር፣ በአሥር ስላቀጠንነው 0.798። በ60.05 ሲባዛ በሊትር 47.9 ግራም፤ ማለትም በ100 ሚሊ ሊትር 4.8 ግራም።

አሁን ኮስቲክ ሶዳውን ሳንለካው «0.1 ነው» ብለን ብናሰላስ? 4.95 ይወጣል። ወደ 5 ይጠጋጋና አቼቶው ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ነው ብለን እንመሰክርለታለን። ሦስቱም ንባብ ግጥም ማለቱ አያድንም፤ ንባብ መግጠሙ እጅ መርጋቱን እንጂ ቤዙ ትክክል መሆኑን አያሳይም።

ቀለም ያለው ናሙና

ሎሚ ቀላል ነው። ከዘጌም ይምጣ ከገበያ፣ ጭማቂውን አጥልሉ፣ 5 ሚሊ ሊትሩን ወደ 50 አቅጥኑ፣ 20 ሚሊ ሊትር ውሰዱ። ሲትሪክ አሲድ ሦስት ሃይድሮጅን ስላለው ለእያንዳንዱ ሞል ኮስቲክ ሶዳ የሚቆጠረው 192.12 ሳይሆን ሲሦው፣ 64.04 ግራም ነው። ይህንን የረሳ ሰው ሎሚውን ሦስት እጥፍ ያኮመጥጠዋል።

ጠጅና ጠላ መጀመሪያ ጋዛቸው ይውጣ። ያልወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ አሲድ ይቆጠራል። ናሙናውን ለብ አድርጋችሁ፣ ሳይፈላ፣ አረፋው እስኪያቆም ነቅንቁት። ቢጫ ጠጅ በአምስት እጥፍ ተጣርቶ ከቀጠነ ፌኖልፍታሊኑ ይታያል። ጥቁር ጠላ ላይ ግን ሮዝ ፍለጋ ዓይን ማድከም ነው፤ እዚህ ላይ ፒኤች ሜትር ቦታውን ያገኛል። (ፒኤች የሚባለው ልኬት ራሱ የተወለደው ቢራ ጠማቂ ቤት ነው፤ ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን በ1909 እ.ኤ.አ. ያወጣው በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ነበር።) ሜትሩን በ7.00 እና በ10.01 መመዘኛ ብጥብጥ አስተካክሉት፤ ማብቂያው በሁለቱ መሐል ስለሆነ 4.01 ብቻውን አይበቃም። እያንጠባጠባችሁ 8.2 ላይ አቁሙ። ጊዜ ካለ ከ7 በኋላ በየ0.1 ሚሊ ሊትሩ ፒኤቹን መዝግቡና ትልቁ ዝላይ የት እንደሆነ ፈልጉ፤ ከአንድ ቁጥር ላይ ከማቆም ይህኛው ይታመናል። የሜትሩ ጫፍ በተጣራ ውሃ ውስጥ አይቀመጥ፣ ይሞታል። 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ይደር።

ወተት ነጭ ስለሆነ ሮዙ ላይታያችሁ ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ሌላ ብርጭቆ ወተት ያለ ምንም አመልካች አጠገቡ ማስቀመጥ ነው፤ ልዩነቱን ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። 9 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ሁልጊዜ በአንድ ልክ የሚለካ ፌኖልፍታሊን፣ 0.1 ሞላር ኮስቲክ ሶዳ። የዘጠኙ ምክንያት ሒሳቡ እንዲቀል ነው፤ የወሰደው ሚሊ ሊትር በአሥር ሲካፈል በቀጥታ የላክቲክ አሲድ በመቶኛ ይሆናል። 1.65 ሚሊ ሊትር 0.165% ነው። ገና የታለበ ወተት ራሱ ከ0.14 እስከ 0.18 አካባቢ ያሳያል፣ ምንም ላክቲክ አሲድ ሳይኖረው፤ የሚቆጠረው ፕሮቲኑና ፎስፌቱ ነው። ስለዚህ 0.16 ያሳየ ወተት ኮምጥጧል አይባልም። ያው ወተት ጠዋት 0.16 የነበረው ቀትር ላይ 0.20 ከሆነ ግን ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው።

የባትሪ አሲድ፣ መለካት ግድ ከሆነ

አሲዱን ወደ ውሃ፣ ቀስ ብሎ። ውሃን ወደ አሲድ ያፈሰሰ ሰው ፊቱ ላይ ይፈነጥቅበታል። 5 ሚሊ ሊትሩን ወደ 500 አቅጥኑ። እዚህ ላይ ከቤኪንግ ሶዳ የሠራችሁት ካርቦኔት ከኮስቲክ ሶዳ ይመረጣል፦ 2.65 ግራም በ500 ሚሊ ሊትር 0.05 ሞላር ነው። 25 ሚሊ ሊትሩን ፍላስክ ውስጥ፣ ሜቲል ኦሬንጅ ሁለት ጠብታ፣ የቀጠነውን አሲድ ከቢውሬት። ቢጫው ብርቱካን ሲሆን አቁሙ። አንድ ካርቦኔት ለአንድ ሰልፈሪክ አሲድ ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 25.9 ሚሊ ሊትር ከወሰደ የመጀመሪያው አሲድ 4.83 ሞላር፣ በሊትር 473 ግራም ነው። ጥግግቱ 1.28 ከሆነ 37% ይመጣል፣ ለባትሪ የሚፈለገው።

ያገለገለ ባትሪ ውሃ ሲጎድልበት የሚጨመረው የተጣራ ውሃ እንጂ አሲድ አይደለም፤ የተነነው ውሃው ነውና። ያገለገለው አሲድ እርሳስ አለበት፤ በቤኪንግ ሶዳ ቢመክንም እርሳሱ አይጠፋም። ወደ ጣና በሚወርድ ቦይ አይደፋም፤ በፕላስቲክ ጀሪካን ተሰብስቦ ከአሮጌ ባትሪዎቹ ጋር ይሂድ።

ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ በየትኛው ይጀመር

0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን መጀመሪያ። ቀጥሎ ትንሽ ጠርሙስ ኬኤችፒ ወይም ኦክሳሊክ አሲድ፣ ከዚያ ፌኖልፍታሊን፣ ከዚያ ጥብቅ ክዳን ያለው ፕላስቲክ ጠርሙስ ለኮስቲክ ሶዳው። አንድ ጥሩ 25 ሚሊ ሊትር ፒፔትና አንድ ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ ይከተላሉ። ቢውሬት ከእነዚህ በኋላ ይምጣ፤ እስከዚያው ጠብታ ጠርሙሱ በሚዛን ይሠራል። ፒኤች ሜትር የሚገዛው ጥቁር ጠላ ወይም ቀይ የወይን ጠጅ በየሳምንቱ የሚለካ ቤት ከሆነ ብቻ ነው፤ ጫፉ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መለወጡን፣ መመዘኛ ብጥብጡም እየተገዛ መሆኑን አስልታችሁ ግቡበት።